ጡረታ ከፋዩ ያሳክማል፤ «አውሮፓ የሄደ ጡረተኛ ሕክምና የለውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ። የላኩልኝ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዷ ከሥሩ «እውነት ነው እንዴ? ባለቤቴ እኮ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀምሯል» ብላ ጨምራበታለች። ጽሑፉ ከእንግሊዝ ጡረታ ወጥተው ስፔን፣ ፖርቱጋል ወይም ፈረንሳይ መኖር ስለሚያስቡ ሰዎች ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ብሬግዚት (እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷ) በሩን ዘግቶታል፤ እዚያ የሄደ የእንግሊዝ ጡረተኛ ሕክምና የለውም። ስለዚህ የግል ኢንሹራንስ ግዙ። አቅም ካነሳችሁ የጉዞ ጤና ካርዳችሁ ያሻግራችኋል። ከባሰም ኤን ኤች ኤስ (የእንግሊዝ የመንግሥት ሕክምና) የእናንተው ነው፣ ተመልሳችሁ ታከሙ። ተቀባዮቹ አገሮችም ቢሆኑ የሰው ሽማግሌ መሸከም መሯቸዋል። በመጨረሻ ምርቃት አለው፦ «ነገሩ ለተወላጅ እንግሊዞች እንጂ ለእኛ አይሆንም።»

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ለሰው አስበው እንደጻፉት ግን ያስታውቃል። አንዳንዱ ነገራቸውም ልክ ነው፤ እሱንም እመጣበታለሁ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለንደን ውስጥ ለሰፈራችን አዛውንቶች ፎርም እሞላለሁ። ቡና ይፈላል፣ የሳምንቱ ፖስታ ይከፈታል፣ እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይፈርማሉ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከዋናው ልጀምር። «ብሬግዚት በሩን ዘግቶታል» የሚለው ስህተት ነው። የተዘጋ በር አለ፤ የሕክምናው ግን አይደለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከድሮ ጀምሮ አንድ ደንብ አለ። ጡረታህን የሚከፍልህ አገር፣ ሌላ አባል አገር ሄደህ ብትኖርም የሕክምናህን ሂሳብ ይከፍላል። የምትታከመው በምትኖርበት አገር ሐኪም፣ በዚያው አገር ደንብ ነው። ሂሳቡ ግን ወደ ጡረታ ከፋዩ ይላካል። ይህን የሚያረጋግጠው ወረቀት ኤስ ዋን ይባላል። እስከ 2010 ድረስ ኢ 121 ነበር ስሙ፤ የቆዩ ሰዎች አሁንም በዚያ ስም ይጠሩታል። ለእንግሊዝ ጡረተኞች ወረቀቱን የሚያወጣው ኒውካስል ያለው የኤን ኤች ኤስ ቢዝነስ ሰርቪስስ ኦቶሪቲ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው።

እንግሊዝ ከኅብረቱ የወጣችው ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው። የመሸጋገሪያው ጊዜ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ቆየ። ከዚያ ቀን በፊት ስፔን ወይም ፈረንሳይ ሄዶ ሕጋዊ ኑሮ የጀመረ ጡረተኛ መብቱ በመውጫው ስምምነት ተጠብቆለታል። እዚያው እስከኖረ ድረስ የሚነካው የለም። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊውም ሳይስማሙ አይቀሩም። የዘለሉት ቀጣዩን ነው። ከ2021 ጀምሮ ለሚሄዱትም ሌላ ስምምነት አለ። ከኅብረቱ ጋር በተደረገው የንግድና ትብብር ስምምነት ውስጥ ስለ ማኅበራዊ ዋስትና የሚያወራ ራሱን የቻለ ፕሮቶኮል (አባሪ ውል) ገብቷል። ኤስ ዋን በእሱ በኩል እንዳለ ቀጥሏል። ዘንድሮ ጡረታውን መቀበል የጀመረ ሰው ሊዝበን ሄዶ ለመኖር ፈቃድ ካገኘ፣ ኤስ ዋን መጠየቅ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ እኔ በጸሐፊው ቦታ ብሆን በትልቁ እጽፈው ነበር። ያ ፕሮቶኮል ዕድሜ ተቆርጦለታል። ስምምነቱ በሙሉ ከጸናበት ከሜይ 2021 ጀምሮ 15 ዓመት። ካልታደሰ 2036 ላይ ያበቃል ማለት ነው። ዛሬ 66 ዓመቱ ለሆነ ሰው ሩቅ ይመስላል፤ ግን በ76 ዓመቱ ነው የሚመጣበት። ሐኪም ቤት የሚዘወተረው ደግሞ ያኔ ነው።

ኤስ ዋን ለማግኘት ሙሉ ጡረታ አያስፈልግም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአዲሱ ሥርዓት ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት የናሽናል ኢንሹራንስ (ከደሞዝ የሚቆረጥ የማኅበራዊ ዋስትና) መዋጮ፣ ለሙሉው ደግሞ 35 ዓመት ይጠየቃል። የ12 ዓመት ጡረታ የሚቀበልም የ35 ዓመት የሚቀበልም የሚያገኙት ኤስ ዋን አንድ ነው። ብቻ ጡረታውን መቀበል መጀመር አለበት። «ትንሽ ይደግልኝ» ብሎ ያስተላለፈው ሰው ወረቀቱንም አብሮ አስተላልፏል።

አሁን አንድ ቤት ልውሰዳችሁ።

ጎረቤቴ የነበሩ ጋሼ አሉ። ለንደን ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት ቀይ አውቶቡስ ነድተዋል። በ2022 ቤታቸውን ሸጠው ከባለቤታቸው ከእትዬ ጋር ስፔን፣ አሊካንቴ አካባቢ ገቡ። «ብርዱን ለወጣት ትቼዋለሁ» አሉ ሲሄዱ። ስኳር አለባቸው፤ ግፊትም ይነካካቸዋል። እኔ በስልክ፣ አንዳንዴም በአካል፣ የወረቀት ሥራውን አግዣቸዋለሁ።

መጀመሪያ ኒውካስል ደወልን። የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥራቸውንና አዲሱን አድራሻ ጠየቁ። ወረቀቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ። ሲያዩት ምንም የማያስደንቅ፣ ሳጥን ሳጥን የበዛበት ፎርም ነው። ጋሼ አገላብጠው «ይኼ ነው የሚያሳክመኝ?» አሉ። ይኼው ነው። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄደው በነዋሪነት ተመዘገቡ፤ እዚያ ፓድሮን ይሉታል። ቀጥሎ የስፔን ማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ቀጠሮ ያዝን። ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው፤ ሌሊት ላይ ድረ ገጹን እያደሱ መጠበቅ አለ። የቀጠሮው ዕለት ሴትዮዋ ኤስ ዋኑን አየች፣ ፓስፖርቱን አየች፣ ኮምፒውተሯ ላይ መታ መታ አደረገች፣ አንድ ወረቀት አትማ ሰጠች። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ያንን ይዘው ሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ሄዱና ሲፕ የምትባለውን የቫሌንሲያ ክልል የጤና ካርድ አወጡ። ሐኪም ተመደበላቸው። ነርሷ በየሦስት ወሩ ስኳራቸውን ትለካለች። መድኃኒት ሲያልቅባቸው አረንጓዴ መስቀል ካለበት ፋርማሲ ገብተው ካርዷን ይሰጣሉ፤ ሐኪሙ ያዘዘው ስክሪኑ ላይ ይወጣል።

መድኃኒቱ ግን በነጻ አይደለም። ኢንግላንድ ውስጥ 60 ዓመት ያለፈው ሰው ለሐኪም ማዘዣ አይከፍልም። ስፔን ውስጥ ጡረተኛ በአብዛኛው የመድኃኒቱን 10 በመቶ ይከፍላል፤ እንደ ገቢው መጠንም የወር ጣሪያ አለው። ጋሼ የመጀመሪያ ቀን ሁለት ዩሮ ከምናምን ሲጠየቁ ተሳስተው የመጡ መስሏቸው ነበር። ኤስ ዋን የእንግሊዝን ሥርዓት ተሸክሞልህ አይሄድም። የአገሩ ሰው የሚከፍለውን ትከፍላለህ፣ የሚጠብቀውን ትጠብቃለህ። ፈረንሳይ ደግሞ ስቴቱ የተለመደውን የሐኪም ክፍያ 70 በመቶ ገደማ ነው የሚመልሰው፤ ቀሪውን ለመሸፈን ሙቱዌል የሚባል ተጨማሪ ኢንሹራንስ ይገዛል። እንደ ስኳርና ካንሰር ላሉ በዝርዝር ለታወቁ ከባድ የቆዩ ሕመሞች ከሕመሙ ጋር የተያያዘው ሕክምና መቶ በመቶ የሚሸፈንበት መንገድም አለ። ስለዚህ «ኤስ ዋን ካለኝ ሁሉም ነጻ ነው» የሚልም ሰው ከጸሐፊው እኩል ተሳስቷል።

ወደ ሁለተኛው ምክራቸው፦ «ሁላችሁም የግል ኢንሹራንስ ግዙ።» ይህ ለአንዳንዱ ግድ ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው። ጋሼም ከዚህች ምክር አላመለጡም። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሻጭ ደውሎ «ከብሬግዚት በኋላ እንግሊዝ አትከፍልልዎትም» አላቸው። የአንድ ዓመት ፖሊሲ ሸጠላቸው። ዋጋው ከሁለት ወር ጡረታቸው በላይ ነበር። በኋላ ወረቀቱን ሳነበው፣ አራተኛው ገጽ ላይ በትንንሽ ፊደል፣ ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም አይሸፈንም ይላል። ስኳሩም ግፊቱም ውጪ ሆኑ ማለት ነው። ታዲያ ምኑን ነው የገዙት? እግር ቢሰበር ነው። ገንዘቡ አልተመለሰም። ቪዛ ሲጠየቅ ቆንስላው የሕክምና ዋስትና ማስረጃ ይፈልጋል፤ እውነት ነው። ግን ከመግዛታችሁ በፊት የትኛውን ማስረጃ እንደሚቀበል ቆንስላውን ራሱን ጠይቁ። ሻጩን አትጠይቁ።

ግድ የሚሆነው ለማን ነው? የእንግሊዝ የጡረታ ዕድሜ ላልደረሰ። የጸሐፊው ምክር ለእነዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህንን ክፍል ባልጻፍኩት። ድሮ ከጡረታ ዕድሜ በፊት ሥራ አቁመው ለሚሄዱ እንግሊዝ ለሁለት ዓመት ተኩል ገደማ የምታገለግል ጊዜያዊ ኤስ ዋን ትሰጥ ነበር። ከጁላይ 2014 ጀምሮ አቆመች። ልብ በሉ፣ ያ ከሕዝበ ውሳኔው ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። ብሬግዚት የማይከሰስበትም ነገር አለ።

በ60 ዓመታቸው የሥራ ቦታ ጡረታ አውጥተው የሚሄዱ ሰዎች ታዲያ መሃል ላይ ይቀራሉ። እንግሊዝ አትከፍልላቸውም፣ የሄዱበት አገርም ገና አያውቃቸውም። ስፔን ለዚህ ኮንቬኒዮ ኤስፔስያል የሚባል መንገድ አላት፤ በ2013 በወጣ ድንጋጌ የቆመ ነው። አንድ ዓመት በነዋሪነት ከተመዘገቡ በኋላ በወር እየከፈሉ የመንግሥቱ ሕክምና ውስጥ መግባት ነው። ሲጀመር ለ65 ያልሞላው በወር 60 ዩሮ፣ ለሞላው 157 ዩሮ ተተምኗል። የነበረ ሕመም ብሎ የሚመልሰው የለም፤ ከግል ኢንሹራንስ የሚለየው በዚህ ነው። የመድኃኒት ድጎማ ግን የለውም፤ በሙሉ ዋጋ ይገዛሉ። የመጀመሪያውን ዓመት ደግሞ ያው በግል ኢንሹራንስ መሻገር ነው። በፈረንሳይ ከ2016 ጀምሮ ሦስት ወር በቋሚነትና በሕጋዊ መንገድ የኖረ ሰው ወደ አጠቃላዩ ሽፋን ለመግባት ማመልከት ይችላል። ሥራ ለሌለው ግን ከንብረትና ከቁጠባ በሚያገኘው ገቢ ላይ መዋጮ ሊመጣበት ይችላል።

ባል 67፣ ሚስት 61 ሲሆኑስ? በጽሑፉ አንድ መስመር የለም፤ እኔ ዘንድ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ጥያቄ ግን ይኸው ነው። ሚስት በባሏ ኤስ ዋን ሥር እንደ ጥገኛ ልትመዘገብ ትችላለች። ጥገኛ ናት ወይስ አይደለችም የሚለውን የሚወስነው የሚኖሩበት አገር ነው። የራሷ ሥራ ወይም ገቢ ካላት መልሱ ሊለወጥ ይችላል። እትዬ የተመዘገቡት በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ምክር ላይ ብዙ አልቆይም። «ካርዱ ያሻግራችኋል» የተባለው ጂ ኤች አይ ሲ ነው፤ በ2021 የመጣው። ካርዱ ለጎብኚ ነው። ለእረፍት ሄደህ ድንገት ሆድህን ሲቆርጥህ፣ ወይም ወድቀህ ክንድህ ሲሰበር። መኖሪያህን ቀይረህ በየወሩ የግፊት መድኃኒት ልትቀበልበት አይደለም። ጸሐፊው ገጹ ላይኛው ክፍል ላይ «ምንም ሕክምና የለም» ብለው፣ ታችኛው ላይ «ካርዱ ይበቃል» ይላሉ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ደግሞም ካርዱ ነጻ ነው። ለማውጣት ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካያችሁ ዝጉት።

አራተኛው «ኤን ኤች ኤስ የእናንተው ነው፤ 30 ዓመት ታክስ ከፍላችኋል» የሚለው ነው። ይህን ስሰማ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ስሜቱ ትክክል ነው። ሌሊት ወለል ሲወለውል የኖረ ሰው «የኔ ነው» ቢል ማን ይፈርድበታል? ሕጉ ግን እንደዚያ አያስብም። ኤን ኤች ኤስ በከፈልከው ታክስ አይመዝንህም፤ በፓስፖርትህም አይደለም። መለኪያው ዛሬ በቋሚነት የምትኖረው እዚህ ነው ወይ የሚለው ነው። አርባ ዓመት ከፍሎ ጠቅልሎ የሄደ ሰው ኢንግላንድ ለጉብኝት መጥቶ ሆስፒታል ቢተኛ፣ ሌላ መብት ከሌለው ከኤን ኤች ኤስ መደበኛ ዋጋ አንድ ጊዜ ተኩል ሊጠየቅ ይችላል።

ሌላ መብት የሚባለው ምንድነው? ያው ኤስ ዋን ነው። እንግሊዝ ያወጣችለትን ኤስ ዋን የያዘ ጡረተኛ ልጆቹን ለማየት ኢንግላንድ ሲመጣ እንደ ነዋሪ ይታከማል። ያቺ ወረቀት ሁለት ቦታ ትሠራለች ማለት ነው። ጸሐፊው አንባቢዎቻቸውን የሚያባርሩት ደግሞ ከዚያችው ወረቀት ነው። ባለ ኤስ ዋኑ ከሚኖርበት ስፔን ተነስቶ ጣሊያን ለሠርግ ቢሄድም የጉዞ ካርዱን የምታወጣለት እንግሊዝ ናት።

ለመኖር ተመልሶ የመጣ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ስፔንን ሰልችቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ጠቅልሎ ለንደን ከገባ፣ ኤን ኤች ኤስ ከገባበት ቀን ጀምሮ ይቀበለዋል። ስድስት ወር መጠበቅ የለም። ግን ልብ ሕመም ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። «ስታመም እመለሳለሁ» የሚል ሰው አንቡላንስ ውስጥ ሆኖ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ ነው የሚመስለኝ።

አሁን ወደ ምርቃቱ። «ለተወላጅ እንግሊዞች እንጂ ለእኛ አይሆንም።» ወንድሜ፣ ይህን ከየት አመጡት? ኤስ ዋን የትውልድ ቦታ አይጠይቅም። ጡረታውን የሚከፍለው ማነው ብሎ ነው የሚጠይቀው። ጎንደር የተወለደውም ሊቨርፑል የተወለደውም የእንግሊዝን ጡረታ ከተቀበሉ ፎርሙ አንድ ነው። የእንግሊዝን ፓስፖርት ሳይወስድ እዚያው ሠርቶ ያረጀ ሰውም በአዲሱ ፕሮቶኮል በሄደበት አገር ሕጋዊ ነዋሪ ከሆነ አይገፋም።

እንዲያውም ለእኛ የተለየ ጉዳይ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ጽሑፉም አልነካውም። ብዙዎቻችን ለንደን በቀጥታ አልደረስንም። ሮም ሦስት ዓመት፣ ፍራንክፈርት ስድስት ዓመት ሠርተን ነው። እነዚያ ዓመቶች ጠፍተው አልቀሩም፤ ትንሽ ጡረታ ሊወልዱ ይችላሉ። ጀርመን ለጡረታ ቢያንስ የ5 ዓመት መዋጮ ትጠይቃለች፤ የእንግሊዝ ዓመቶች ሊደመሩላት ይችላሉ። አሁን እዩት። ሰውየው የእንግሊዝም የጀርመንም ጡረታ አለው እንበል። ጀርመን ሄዶ ከኖረ፣ የጀርመኑ ጡረታ በወር መቶ ዩሮ ብትሆንም እንኳ፣ ለሕክምናው ኃላፊዋ ጀርመን ትሆናለች። ኤስ ዋን የለም፤ የጀርመንን የጤና መድን መዋጮ ይከፍላል። ስፔን ሄዶ ከኖረና የስፔን ጡረታ ከሌለው ግን፣ ረዘም ላለ ጊዜ የተመዘገበበት አገር ይከፍላል። ለንደን ሠላሳ ዓመት ከሠራ እንግሊዝ ናት። መምረጥ አይቻልም። ባለፈው ክረምት አንድ አዛውንት የ1980ዎቹን የጣሊያን የደሞዝ ወረቀት በፌስታል ይዘውልኝ መጥተዋል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። የሚሄዱት ወደ ጣሊያን ነው። ኒውካስል ከመደወላችን በፊት መታወቅ ያለበት ያ ወረቀት የጣሊያን ጡረታ ያስገኝ እንደሆነ ነበር።

ሁለተኛው የእኛ ጉዳይ አዲስ አበባ ነው። «ስፔን ከምሄድ አገሬ አልገባም?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ደስ ይላል። ግን የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት የለም። ኤስ ዋን አዲስ አበባ አይሠራም። ጡረታውም ከወጣህበት ቀን መጠን ፈቅ አይልም። ስፔን ያለው ጡረተኛ በየዓመቱ ጭማሪውን ሲያገኝ፣ ኢትዮጵያ ያለው የዛሬ አሥር ዓመት የገባባትን እዚያው ይዞ ይቀራል። ካናዳና አውስትራሊያ ያሉ የእንግሊዝ ጡረተኞችም እንዲሁ ናቸው፤ እኛን ብቻ አልነጠሉም። በአውሮፓና በአብዛኛው የሌላው ዓለም መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው፤ ጽሑፉ ግን አውሮፓን ከሁሉ የከፋች አድርጎ ነው የሣላት።

የሸክሙን ነገር በአጭሩ። «የሰው ሽማግሌ መሸከም መሯቸዋል» ይላሉ። ስፔን በነጻ አይደለም የምታክመው። ከእንግሊዝ ጋር የምትተሳሰበው በተመዘገበ ጡረተኛ ልክ፣ በአማካይ ወጪ ነው። ጋሼ ዓመቱን ሙሉ ሐኪም ዘንድ ባይሄዱም ሂሳባቸው ይታሰባል። ኤስ ዋኑን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ነው ስፔንን የሚጎዳት። እንግሊዝስ? በ2017 ነፊልድ ትረስት የሚባለው የጤና ጥናት ተቋም አስልቶት ነበር። ያኔ ባለ ኤስ ዋን ጡረተኞች ወደ 190,000 ይጠጉ ነበር፤ ወጪያቸውም በዓመት 500 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ። ሁሉም ቢመለሱ በአገር ውስጥ ማከሙ እጥፍ ያህል ሊደርስ ይችላል ብሎ ነበር። ርካሹ እዚያ ማሳከሙ ነው።

ጸሐፊው ልክ ወደሆኑበት ልምጣ። የተዘጋ በር አለ ብያለሁ፤ እሱ ቪዛ ነው። ድሮ የእንግሊዝ ጡረተኛ ሻንጣውን ይዞ ሄዶ ይኖር ነበር። አሁን ከ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ ለመቆየት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃዱም ገቢ ይጠይቃል። የስፔኑ ሥራ ለማይሠሩ ሰዎች የሚሰጠው ቪዛ ለአንድ ሰው በወር 2,400 ዩሮ፣ በዓመት 28,800 ዩሮ ይፈልጋል። ሙሉው የእንግሊዝ ጡረታ በ2025/26 በሳምንት 230.25 ፓውንድ ነበር፤ በዓመት 12,000 ፓውንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ቪዛው የሚፈልገውን እኩሌታም አይደርስም ነበር። ፖርቱጋል ቀለል ትላለች። መነሻዋ ዝቅተኛው የደሞዝ ወለል ነው፤ በ2025 በወር 870 ዩሮ ነበር። ለእንግሊዝ ዜጋ አየርላንድ ምንም ቪዛ አትጠይቅም፤ ዝናቡ ግን የለንደኑ ታላቅ ወንድም ነው።

ሌላው ልክ የሆኑበት እንክብካቤው ነው። ኤስ ዋን ሐኪም ይሰጣል፤ የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ የሚያበላ ሰው አይሰጥም። የአዛውንቶች ማቆያ ቤት ውስጡ የለም። ስፔን ለዚህ የራሷ ድጋፍ አላት፤ ግን የ5 ዓመት ነዋሪነት ትጠይቃለች። አንድ የተረሳ ነገር አለ፦ እንግሊዝ እንክብካቤ ለሚያስፈልጋቸው አዛውንቶች የምትከፍለው አቴንዳንስ አላዋንስ፣ ለሕክምናው ኃላፊዋ እንግሊዝ ከሆነች አውሮፓ ሆኖም ሊጠየቅ ይችላል። በ2025/26 በሳምንት 73.90 ወይም 110.40 ፓውንድ ነበር። የጠየቁትን በጣት እቆጥራቸዋለሁ። አስከሬን አገር ቤት ማድረስም በኤስ ዋን የለም። ለእሱ ዕድራችሁን እንዳትለቁ።

ባለፈው ዓመት ጋሼ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተኝተው ሄጄ ነበር። ክፍሉ የሁለት ሰው ነው። ከእያንዳንዱ አልጋ ጎን ወደ ኋላ የሚተኛ ሰፊ ወንበር አለ። በሌላኛው አልጋ የተኛው ማንቸስተር የመጣ ሽማግሌ ወንበሩ ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ ልብሱን አስቀምጦበታል። ማታ ላይ ነርሷ መጥታ ዙሪያውን አየችና «ዛሬ ማታ አብሮህ የሚያድር ማነው?» አለችው። ማንም የለውም። እትዬ ግን ነጠላቸውን፣ ሙዝ በፌስታል፣ የራሳቸውን ትራስ ይዘው ገና ከቀትር ጀምሮ ወንበሯ ላይ ተቀምጠዋል። እዚያ አስታማሚ የሥርዓቱ አካል ነው። ማንም በየትኛውም ፎርም ላይ አይጽፈውም። ሌሊቱን እትዬ ለሁለቱም ውሃ ሲያቀብሉ አደሩ።

ሻንጣ ጀምሯል ላለችኝ ሴት የመለስኩላት እንዲህ ነው። መጀመሪያ የትውልድ ዓመቱን ጠየቅኳት። «በ1962 ነው የተወለደው» አለች። የእንግሊዝ የጡረታ ዕድሜ ከ2026 እስከ 2028 ከ66 ወደ 67 ይወጣል፤ እሱ የሚደርሰው በ2029 ነው። ከዚያ በፊት ኤስ ዋን የለም። ለንደን ከመምጣቱ በፊት ሌላ አውሮፓ አገር ሠርቶ እንደሆነም ጠየቅኳት። ትንሽ ቆይታ «ግሪክ፣ መርከብ ላይ፣ ሁለት ዓመት» ብላ ጻፈች። ወረቀት አለው ወይ አልኳት። ሻንጣውን አስወጥታ መፈለግ ጀምራለች።